ጭቃ ሹሙ ሞቴል ሲገዛ፦ «ፓቴል» የተባለው ስም ከጉጃራት እስከ አሜሪካ አውራ ጎዳና

አንድ ዓመት ለጁላይ የእግር ኳስ ውድድራችን ከዋሽንግተን ወደ አትላንታ በመኪና ስንወርድ ሳውዝ ካሮላይና ላይ እንቅልፍ አሸነፈን። አራት ነበርን፦ ይህ ጸሐፊ፣ አንድ የቆየ ጓደኛው፣ የጓደኛው ታናሽ ወንድምና የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ባለቤቱ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከ85 ቁጥር አውራ ጎዳና ወጣ ብሎ፣ ግማሽ ፊደሉ የማይበራ የሞቴል ማስታወቂያ አይተን ጎራ አልን። ደወሉን ስንጫን ከጓዳ በኩል ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሰው ወጡ። አብሯቸውም የተቁላላ ሽንኩርትና የከሙን ሽታ ወጣ። በዚያ ሰዓት! ቀኑን ሙሉ በሀምበርገር የዋልን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን።

ሰውየው መንጃ ፈቃዳችንን እየተቀበሉ ሲመዘግቡ ባልና ሚስቱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። የባል የመጨረሻ ስም ሌላ፣ የሚስት ሌላ። ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሐበሻ በአሜሪካ ያለ አይመስለንም፤ በትምህርት ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በአየር ማረፊያ። እንደ ልማዳችን ማስረዳት ጀመርን። በእኛ ሀገር ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፣ እናንተ የመጨረሻ ስም የምትሉት የአባታችን ወይም የአያታችን ስም ነው፣ ወዘተ። ሰውየው እስክንጨርስ አልጠበቁም። ሳቅ ብለው በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃዳቸውን በጣታቸው አሳዩን። ሦስት ስም ተጽፎበታል። የመጀመሪያው የራሳቸው እንደሆነ፣ ሁለተኛው የአባታቸው እንደሆነ፣ እዚህ ድረስ ከእኛ እንደማይለዩ ነገሩን። ሦስተኛው ግን ፓቴል ነው፤ እሱ የሁሉም ነው አሉ። በዚህ መንገድ የሚቀጥሉትን ሦስት መውጫዎች ብትወርዱ የምታገኟቸው ሞቴሎች ባለቤቶች ሁሉ ፓቴል ናቸው፣ አንዱም ግን ዘመዴ አይደለም ብለው ቁልፉን ሰጡን።

እኛ ደግሞ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ፓቴል አንድ ትልቅ ቤተሰብ ይመስለን ነበር። ስሙንማ ማን ያጣዋል? የመድኃኒት ቤቱ ሰው ፓቴል፣ የጥርስ ሐኪሟ ፓቴል፣ የነዳጅ ማደያው ፓቴል። የሐበሻ ሱቅ ባልነበረበት ዘመን ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላልና አብሽ የምንገዛው ከሕንድ ሱቅ ነበር፤ ከእነዚያም ትልቁ በ1974 በቺካጎ ዴቨን ጎዳና በአንዲት መደብር የተጀመረው፣ ዛሬ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ቅርንጫፍ ያለው «ፓቴል ብራዘርስ» ነው። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ስም ከያዘ፣ አንድ አያት ይኖረዋል ብለን ገምተን ነበር። ነገሩን ስንከታተለው ግን አያት የለም፤ ያለው ሹመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።)

ሹመት የነበረ ስም

ጉጃራት በምዕራብ ሕንድ፣ በባሕር ዳር ያለ ሀገር ነው። በጉጃራት «ፓቴል» ማለት በጥንቱ የመንደር አለቃ ማለት ነበር። ከገበሬው የመሬት ግብር ሰብስቦ ለገዢው ያስገባል፣ የድንበር ጠብ ያያል፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀበላል። ወደ እኛ ሀገር ብናመጣው ጭቃ ሹም ማለት ነው። እስቲ አንባቢ ያስበው፦ ከጎጃም፣ ከመንዝና ከቡልጋ የመጣው ሁሉ ዋሽንግተን ሲደርስ በፓስፖርቱ ላይ «ጭቃሹም» ተብሎ ቢጻፍ፣ የስልክ መጽሐፉ ገጽ በገጽ «ጭቃሹም፣ አበበ»፣ «ጭቃሹም፣ አልማዝ» እያለ ቢሄድ፣ ፈረንጁም «እነዚህ ጭቃሹሞች ምን ያህል ቢዋለዱ ነው?» ብሎ ቢገረም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ግን ጭቃ ሹም በመንደሩ አንድ ነው። እንዴት ሁሉም ጭቃ ሹም ሆነ? መልሱ ያለው ኬዳ በሚባለው አውራጃ፣ ቻሮታር በሚሉት ለም ምድር ነው። በዚያ በብዙ መንደሮች መሬቱን የያዙት ገበሬዎች በጋራ ነበር የያዙት፤ ግብሩም በጋራ ይጠየቅባቸው ነበር። የእያንዳንዱ ድርሻ «ፓቲ» ይባላል፤ ባለድርሻው «ፓቲዳር»፣ በእኛ አነጋገር ባለርስት እንደማለት። ግብሩ የጋራ ሲሆን የአለቃው ክብርም ወደ ወንድሞቹና ወደ አጎቶቹ ልጆች ተረፈ። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ የሚጠሩት ካንቢ በሚባለው የአራሽ ወገን ስም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በትምባሆና በጥጥ እርሻ ኑሯቸው ሲሻሻል የአራሽነቱን ስም እየጣሉ ፓቲዳር ነን አሉ፤ በየግላቸውም ፓቴል ተባሉ። በ1931 የተደረገው የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ፓቲዳር ብሎ መዘገባቸው።

ሹመቱ የአንድ ሃይማኖት ንብረት አልነበረምና ብሩች በተባለው አካባቢ እስላም ፓቴሎች አሉ፤ ከፋርስ ከመጡት ፓርሲዎችም ፓቴል የሚባሉ አሉ። ስለዚህ ሰውየው ፓቴል ነኝ ቢልዎ ቤተ መቅደስ ይሂድ መስጊድ ገና አልነገርዎትም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሠራው ወረቀት ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ፓስፖርት ሁሉም የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፤ የተጻፈው ስም ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በዕድሜው አንድ ሩፒ ግብር ሰብስቦ የማያውቅ ሰው ጭቃ ሹም ሆኖ ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው በ1875 ናዲያድ ከተማ የተወለደው ቫላብሃይ ጃቬርብሃይ ፓቴል ነው። ስሙን ልብ ይበሉልን። ቫላብሃይ የራሱ፣ ጃቬርብሃይ የአባቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ብሃይ» ወንድም ማለት ስትሆን እኛ ጋሼ እንደምንለው የአክብሮት መጨመሪያ ናት። ይህ ሰው በ1918 ሰብል በጠፋበት ዓመት ከጋንዲ ጋር ሆኖ የኬዳን ገበሬዎች ለእንግሊዝ ግብር እንዳይከፍሉ አሳመፀ። በ1928 ባርዶሊ ላይ ያንኑ ደገመው፤ ሳርዳር፣ ማለትም አለቃ፣ የሚለውን ማዕረግ ያተረፈው በዚያ ነው። ከ1947 ጀምሮ የነጻይቱ ሕንድ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆኖ ከ500 በላይ የነበሩትን የመሳፍንት ግዛቶች ከሕንድ ጋር አዋሐደ። በ1950 ሞተ። በ2018 የተመረቀለት ሐውልት 182 ሜትር ይረዝማል፤ በዓለም የሚበልጠው የለም። ግብር ሰብሳቢ ማለት የሆነ ስም የተሸከመ ሰው ግብር አንከፍልም በማሰኘት ታዋቂ መሆኑ እኛን አስቆናል።

«ሃምሳ ስድስት»

እኛ «ሰባ ሰባት» ስንል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ድርቁ ነው። ጉጃራቶችም «ሃምሳ ስድስት» የሚሉት አላቸው። በእነሱ አቆጣጠር 1956 ዓመት፣ በአውሮፓ ከ1899 እስከ 1900 የደረሰው ረሃብ ነው። ከብቱ አለቀ፣ ሰዉም እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያ ላይ ወረርሽኝ ነበረ፤ መሬቱም ለልጆች እየተከፋፈለ ጠቦ ነበር። ባሕሩን የተሻገሩት ቀድሞም ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ሰፋ።

የመጀመሪያው ትልቅ መንገድ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ሲጀምሩ ከሕንድ 32 ሺህ ያህል ሠራተኛ አመጡ። እነዚህ በአብዛኛው ከፑንጃብ የመጡ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሥራው ሲያልቅ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ጉጃራቶቹ የመጡት ሐዲዱን ተከትለው ነው፤ ባለሱቅ፣ ጸሐፊ፣ አስተማሪ ሆነው። ናይሮቢ በስደት የቆየ ወገናችን የሕንዶቹን ሱቆች ያስታውሳቸዋል። ወደ እኛም ሀገር ከጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በሐረርና በአዲስ አበባ ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት የእነሱ ነበር። የትምህርት ቤት ሚስተሮቻችን ግን በብዛት ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬራላ ስለነበሩ ፓቴል የሚባል አስተማሪ የገጠመው ጥቂት ሰው ይሆናል።

ቀሪውን ታሪክ ስደተኛ የሆነ ሁሉ ቢያነበው እንወዳለን። ኬንያና ዩጋንዳ ነጻ ሲወጡ ከእነዚህ ሕንዶች ብዙዎቹ የእንግሊዝ ፓስፖርት ያዙ። ከኬንያ መውጣት ሲጀምሩ ግን የእንግሊዝ ፓርላማ በ1968 በጥቂት ቀን ውስጥ ተጣድፎ ሕግ አወጣ፤ ወላጁ ወይም አያቱ ከእንግሊዝ ምድር የማይወለድ ሰው ፓስፖርቱን ይዞም ቢመጣ እንደልቡ እንዳይገባ ተደረገ። ፓስፖርት እያለ ሀገር ማጣት ይሏል ይህ ነው። በኦገስት 1972 ደግሞ ኢዲ አሚን የዩጋንዳን እስያውያን በ90 ቀን ውጡ አላቸው። ሱቅ፣ ቤት፣ ፋብሪካ ጥለው 50 ፓውንድ ገደማ ይዘው ወጡ። ከ27 ሺህ የሚበልጡት እንግሊዝ ገብተው በቀድሞ የጦር ካምፖች አረፉ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ያን ጊዜ በአንድ የዩጋንዳ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ሞልቷልና ወደ ሌስተር አትምጡ የሚል። ማስታወቂያው ለብዙዎቹ ሌስተር የምትባል ከተማ መኖሯን አሳወቃቸው፤ መጡም። ዛሬ ሌስተር ከእንግሊዝ ከተሞች ጉጃራቶች በብዛት ከሚኖሩባቸው አንዷ ናት።

የስሙን ሥርጭት በእንግሊዝ ካርታ ላይ ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ካርታዎች ያገኛል። በሌስተር፣ በለንደን ዌምብሊና ሃሮው ያሉት ፓቴሎች በብዛት ሂንዱዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በምሥራቅ አፍሪካ አድርገው የመጡ። በሰሜን በብላክበርን፣ በቦልተንና በፕሬስተን ያሉት ደግሞ በብዛት እስላሞች ናቸው፤ ከብሩችና ከሱራት አካባቢ ወደ ጥጥ ፋብሪካዎቹ የመጡ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ የጥንቱ ሹመት ብቻ ነው። ስሙ ዛሬ በለንደን በብዛት ከሚገኙት የቤተሰብ ስሞች ተርታ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ከዩጋንዳ በመጡ ወላጆች ለንደን የተወለደችው ፕሪቲ ፓቴል ከ2019 እስከ 2022 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነበረች። በኤፕሪል 2022 ኪጋሊ ሄዳ በጀልባ እንግሊዝ የሚደርሱ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላኩን ውል የፈረመችው እሷ ናት። ዕቅዱን በ2024 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ሰረዘው። በዚያ ዕቅድ ስም ዝርዝራቸው ሊገባ ይችል ከነበረው መካከል የእኛ ቀጠና ልጆች ነበሩበት፤ ሌላ አንጨምርም።

ሞቴሉ

አሜሪካ ለሕንዳዊ ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበረች። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕንዳዊ ነጭ ስላልሆነ ዜጋ መሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1946 በዓመት 100 ሰው ብቻ እንዲገባ ተፈቀደ። በሩ በደንብ የተከፈተው በ1965 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው።

የሞቴሉ ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ አጀማመሩም ደስ የሚል አይደለም። በ1942 መንግሥት በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ ጃፓን አሜሪካውያንን እየለቀመ ካምፕ ሲያስገባ፣ በሳክራሜንቶ ከተማ ሆቴሏን ጥላ እንድትሄድ የተገደደች ጃፓናዊት ቤቱን ይዘው እንዲቆዩ ለካንጂ ማንቹ ዴሳይና ለጓደኞቹ አስረከበች። ካንጂ ከሱራት አካባቢ የመጣ ስደተኛ ነበር። ኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ሌላ ሆቴል ያዘ፤ ከሀገሩ የሚመጣውን ሁሉ እያሳደረና ሆቴል ተከራይ እያለ እየመከረ ለብዙዎች መነሻ ሆነ። የአንዱ መታሰር ለሌላው የእንጀራ በር ከፈተ። (ዴሳይም በጥንቱ የግብር ሹመት ስም መሆኑን ስናይ፣ ይህች ጉጃራት ከጭቃ ሹምና ከምስለኔ በቀር ሰው አልነበራትም ወይ አሰኝቶናል።)

ለምን ሞቴል ሆነ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ1956 በኋላ አዲሱ የክፍለ ግዛቶች አውራ ጎዳና ሲሠራ በአሮጌው መንገድ ዳር የነበሩ ሞቴሎች ገበያቸው ቀዘቀዘ፤ በ1973 ነዳጅ ሲወደድ ጨርሶ ወደቁ። ባለቤቶቹ አርጅተው ነበር፤ ልጆቻቸውም ሥራውን አልፈለጉትም። ስለዚህ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ሞቴል የገዛ ስደተኛ የቤት ኪራይ የለበትም፤ ከቢሮው ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያው ናቸው። ተቀጣሪ አያስፈልገውም፦ አባት ይመዘግባል፣ ይጠግናል፤ እናት አንሶላ ታጥባለች፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያጥፋሉ። እንግሊዝኛውም «ስንት ሌሊት?» ከሚለው ብዙ አያልፍም። ከአሚን ያመለጡትም ቀድሞ ሱቅ ያንቀሳቅሱ ስለነበር ቶሎ ገባቸው። በ1991 የወጣው «ሚሲሲፒ ማሳላ» የተባለው ፊልም ከዩጋንዳ ወጥቶ በሚሲሲፒ ሞቴል ውስጥ የሚኖር እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያሳያል።

መነሻ ገንዘቡስ? ባንክ በሩን ሲዘጋ ከአንዱ አምስት ሺህ፣ ከሌላው ሁለት ሺህ ይሰበሰባል፤ ወለድ የለ፣ ፊርማ የለ፣ መጨባበጥ ብቻ። የተበደረው ሲከፍል በተራው ለሚቀጥለው ያበድራል።

እንዲህ ሲባል ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለት አይደለም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተፎካካሪዎቻቸው «ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው» የሚል ሰሌዳ በደጃፋቸው ይሰቅሉ ነበር። የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ሕንዶች ለካሣ ሲሉ ቤታቸውን ያቃጥላሉ የሚል ወሬ ይዘው አንመድንም ይሉ ነበር። በ1985 በቴኔሲ ያሉት ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1989 ደግሞ አትላንታ ላይ ዛሬ የእስያ አሜሪካውያን ሆቴል ባለቤቶች ማኅበር የሚባለው ተመሠረተ። በ1999 ከሀገሪቱ ሞቴሎች ግማሽ ያህሉ በሕንዶች እጅ መግባታቸው ተነገረ፤ ማኅበሩ ዛሬ 20 ሺህ የሚጠጉ አባላት አሉኝ፣ ከአሜሪካ ሆቴሎችም 60 ከመቶ ያህሉ የእነሱ ነው ይላል።

ለዚህ ነው ስሙ በአሜሪካ የተሠራጨበት መልክ ከሌሎች ስሞች የሚለየው። እንደ ማንኛውም ስደተኛ በኒው ጀርሲ ኤዲሰን፣ በቺካጎ፣ በሂውስተንና በአትላንታ ተከማችቷል። ግን ደግሞ ሌላ ሕንዳዊ በማይታይበት፣ አንድ ነዳጅ ማደያና አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ባለበት የገጠር ከተማ አንድ ፓቴል አይጠፋም፤ መንገድ ባለበት ሞቴል አለና። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ ፓቴል በአሜሪካ ከመጨረሻ ስሞች 172ኛ ነበር። በ2010 ከመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ ገባ፤ የያዙትም ከ220 ሺህ በላይ ሆኑ።

ያበደረው ስሙ ነውን?

በየምግብ ቤታችን ስንጨዋወት ደጋግመን የምንሰማው ንግግር አለ፦ «ሕንዶቹን እዩአቸው፣ ስማቸው እንኳ አንድ ነው፤ እኛ ባልና ሚስት እንኳ የተለያየ ስም ይዘን እንዴት አንድ እንሁን?» ይህ ንግግር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። ስህተት ነው ብለን እናምናለንና።

ፓቴል ለፓቴል ስለ ስሙ ብሎ አያበድርም። ሁሉም ፓቴል ከሆነ ስሙ ምን ይነግራል? የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ መንደርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ? በቻሮታር ያሉት መንደሮች በጋብቻ ክበብ የተያያዙ ናቸው። የታወቁት ስድስቱ ናዲያድ፣ ቫሶ፣ ካራምሳድ፣ ዳርማጅ፣ ባድራንና ሶጂትራ ናቸው፤ ሰው ልጁን የሚድረው በክበቡ ውስጥ ነው፣ ከገዛ መንደሩ ግን አያገባም። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥር እነሱ መንደር ይቆጥራሉ ማለት ነው። ፓቴል ከፓቴል መጋባቱ ፈረንጁን ያስደነግጠዋል እንጂ እነሱ ዘንድ ነውር የለበትም። ያበደረው ሰው ገንዘቡን የሚያምነው ከመንደሩ በኩል ነው፤ ተበዳሪው ቢክድ እህቱን የሚያገባት አይገኝም።

በዚያ ረገድ እኛ ከእነሱ አንለይም። የዕቁብ ዳኛም ስምዎን አይጠይቅም፤ ዋስ ማን ነው ይላል እንጂ። ልዩነቱ የመጣንበት መንገድ ላይ ነው። በ1965ቱ ሕግ መሠረት ዜግነት ያገኘ ሕንዳዊ ወንድሙን አስመጣ፣ ወንድሙ ሚስቱን፣ ሚስቱ እናቷን፤ መንደሩ ከነዳኛው ተሻገረ። (ዛሬ ያ ወረፋ ለሕንዳዊ ወንድም ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል።) እኛ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ከሱዳን ካምፖች በብዛት የመጣነው አንድ በአንድ ነው፤ ከ1995 ወዲህ ዲቪ የደረሰውም እንደዚያው። አሥር ሆነን አንድ ቤት ስንከራይ አሥራችንም ከተለያየ አገር ቤት ነበርን፤ አንዱ ቢክድ አባቱን የሚያውቅለት ሰው አልነበረም። ዕድሮቻችንና ዕቁቦቻችን ያንን ዋስ ከባዶ ተነሥተው የሠሩት ናቸው፤ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ቢመሰገን ይገባዋል።

የአንድ ስም ጣጣም አለው። ልጆቹ ከክበቡ ውጭ ሲያገቡ የሚነሣው ኩርፊያ በአሜሪካም አልቀረም። ሀገር ቤት ደግሞ በ2015 ፓቲዳሮች ለዝቅተኛ ወገኖች የተመደበው የትምህርትና የሥራ ኮታ ለእኛም ይገባናል ብለው በአህመዳባድ አደባባይ በመቶ ሺዎች ወጡ፤ ግርግሩ የሰው ሕይወት አጠፋ። አንድ ዘመን አራሽ አትበሉን ብለው ስም የለወጡ ሰዎች ልጆች ዝቅተኛ በሉን ብለው ሲሰለፉ ማየት የሚገርም ነው።

ጠዋት ሒሳብ ልንከፍል ስንገባ የሞቴሉ ሰው ሻይ በወተት አፍልተው ጠበቁን፤ ከማታ ይልቅ ጊዜ ነበራቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ባንክ የሌላ ፓቴል ዕዳ በእሳቸው ፋይል አስገብቶ ስምንት ወር እንዳመላለሳቸው አጫወቱን። የራሳቸው ስምና ፓቴልነቱ ከባለዕዳው ጋር አንድ ነው። በመጨረሻ ያዳነቻቸው በመካከል ያለችው የአባታቸው ስም ናት፤ እሷ ብቻ ተለየች።

ይህን ከሰማን በኋላ እስከ አትላንታ ድረስ መኪናው ውስጥ ጭቅጭቅ ሆነ። አባትየው የመጨረሻ ስም ተብሎ የተያዘለት የአባቱ ስም ነው። ልጁ ሲወለድ በሐኪም ቤቱ ፎርም የመጨረሻው ሳጥን ላይ ማን ይጻፍ? በእኛ ሥርዓት ከሄዱ የአባት ስም ይጻፋል፤ አባትና ልጅ ግን በአሜሪካ ወረቀት ሁለት ቤተሰብ ይሆናሉ። በአሜሪካ ሥርዓት ከሄዱ የአያት ስም ይጻፋል፤ አያትየው እንደ ጭቃ ሹሙ ወረቀት ላይ ቆመው ለዘላለም ይቀራሉ፣ የራሱ የአባት ስም ግን ይጠፋል። ወንድምየው ወዲያ፣ ጓደኛችን ወዲህ፣ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ የእኔንስ አባት ማን አነሣ እያለች ሻርለት የሚለውን ሰሌዳ ወደ ኋላ ትተን ስንሄድ መንገድ መሳታችንን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ከሞቴሉ ስንወጣ ወደ ሰሜን ታጥፈን ኖሯል።

በኦክቶበር ሴት ልጅ ተወለደች። እንደ ሞቴሉ ሰው ፈቃድ ሦስት ስም ተጻፈላት፦ የራሷ፣ በመካከል የአባቷ፣ መጨረሻ ላይ የአያቷ። የእናቷ አባት ጉዳይ ለሁለተኛው ልጅ ተቀጥሯል።